የጨው ቤተሰብ

መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ። የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ይህን ዜማ ያውቀዋል። ሰባት እርምጃ ሄዶ «ሠ» ላይ ሲደርስ አፉ «መ»ን ሲጠራ እንደነበረው ሆኖ ይከፈታል። ፊደሉ ተለውጧል፤ አናባቢው ግን ተመልሶ መጥቷል። ደግሞ ሰባት ቆጥሮ «ረ» ሲል ያው ድምፅ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣል። በገበታው ላይ ወደ ጎን የሚሄደው አንድ ቤት ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ አንድ ዓይነት ጠባይ ያላቸውን ያሰልፋል። ገበታው አርጅቶ የ«ረ» ቤት አምስተኛው ፊደል ቢፋቅ ልጁ አይቸገርም። ከላዩ «ሤ»፣ ከታቹ «ሴ»፣ በግራው «ራ»፣ በቀኙ «ር» አሉ። የተፋቀው «ሬ» እንደሆነ ሳያየው ይናገራል።

በኬሚስትሪ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ዋና ምሥጢሩ ይኸው ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች በቃሌ እንድይዝ ታዝዤ፣ ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም እያልኩ እንደ ዳዊት ደገምኳቸው። ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደቆሙ፣ ሠንጠረዡም ለምን ግራና ቀኙ ከፍ ብሎ መሐሉ እንደ ኮርቻ እንደሚጎደጉድ አልጠየቅሁም፤ የነገረኝም አልነበረም። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። ሠንጠረዡ የሚሸመደድ ዝርዝር አይደለም። የሚነበብ ገበታ ነው፤ ማንበብ የቻለ ሰው ደግሞ ወጥ ቤቱን፣ የሚጠጣውን ውሃና የገዛ አንገቱን ጭምር ያነብበታል። በዚህ ምዕራፍ አንዱን ዓምድ ብቻ ይዘን ከላይ እስከ ታች እንወርዳለን። በስተቀኝ ጥግ፣ ከመጨረሻው ዓምድ ቀድሞ የቆመው ነው፤ ተራ ቁጥሩ 17፣ ስሙ ሃሎጅን። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ «ጨው ወላጅ» ማለት ነው።

በመጀመሪያ ግን ንጥረ ነገር ምን እንደሆነ እንግባባ። ነሐስ ንጥረ ነገር አይደለም፤ ቀልጦ ከተነጣጠለ መዳብና ሌላ ነገር ይወጣዋል። ውሃም አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍበት ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ወደሚባሉ ሁለት ጋዞች ይለያያል። ወርቅ ግን ቢቀልጥም፣ ቢፈጭም፣ በአሲድ ቢሟሟም ከወርቅነቱ በታች የሚገኝ ሌላ ነገር የለውም። ንጥረ ነገር የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። እስከ ዛሬ ተረጋግጠው ስም የወጣላቸው 118 ናቸው። ብረትና መዳብ፣ ብርና እርሳስ፣ ድኝና ከሰል ውስጥ ያለው ካርቦን አያቶቻችንም የሚያውቋቸው ናቸው። ሌሎቹ የተገኙት በአብዛኛው ባለፉት 300 ዓመታት ነው።

አንዱን ከሌላው የሚለየው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ አቶም መሐሉ ላይ ኒውክለስ የሚባል እጅግ ትንሽ እምብርት አለው። በዚያ እምብርት ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት የንጥረ ነገሩን ማንነት ይወስናል። አንድ ፕሮቶን ያለው ሃይድሮጅን ነው። 79 ያለው ወርቅ ነው፤ አንድ ቢጨመርበት ቴርሞሜትር ውስጥ እናየው የነበረው ፈሳሽ ሜርኩሪ ይሆናል፤ አንድ ቢቀነስበት ፕላቲነም ይሆናል። በመካከል ግማሽ ፕሮቶን ስለሌለ በ79ና በ80 መካከል ተደብቆ ሊኖር የሚችል ንጥረ ነገር የለም። የፕሮቶኑ ብዛት አቶማዊ ቁጥር ይባላል፤ በሠንጠረዡ ሳጥኖች ላይ ከአንድ ጀምሮ ያለ ዝላይ የተጻፈውም እሱ ነው።

ጠባይን የሚወስኑት ግን ከእምብርቱ ውጭ ያሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ቁጥራቸው ከፕሮቶኖቹ እኩል ሆኖ፣ በእምብርቱ ዙሪያ በእርከን በእርከን ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው እርከን ሁለት ብቻ ይይዛል። ከዚያ በላይ ያለው ስምንት ይይዛል። ሌሎች አቶሞች የሚያገኙት ውጫዊውን እርከን ነው፤ እንግዳ የሚያገኘው ደጃፉን እንጂ ጓዳውን እንዳልሆነ ሁሉ። ስለዚህ የውጭ እርከናቸው የሚመሳሰል ንጥረ ነገሮች፣ አንዱ ቀላል ሌላው ከባድ ቢሆንም፣ ሥራቸው ይመሳሰላል። አንድ ዓምድ ማለት ይኸው ነው፤ ደጃፋቸው አንድ ዓይነት የሆነ ቤቶች።

ሶዲየምን እንውሰድ። 11 ኤሌክትሮን አለው፤ ሁለቱ በመጀመሪያው፣ ስምንቱ በሁለተኛው እርከን ይቀመጡና አንዱ ብቻውን ውጭ ይቀራል። ይህ ብቸኛ ኤሌክትሮን በቀላሉ ይለቀቃል። ንጹሕ ሶዲየም በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብርማ ብረት ሲሆን፣ ውሃ ውስጥ ሲጣል እየተንጫጫ ይሮጣል፤ ውሃው ላይ ቀልጦ ትንሽ እንክብል ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም በእሳት ይያያዛል። ከበላዩ ያለው ሊቲየም እዚያው ውሃ ላይ ዝግ ብሎ ይፍለቀለቃል። ከበታቹ ያለው ፖታሲየም ውሃውን እንደነካ በሐምራዊ ነበልባል ይነዳል። ሦስቱም አንድ ዓምድ ናቸው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ውጭ ያለችው ኤሌክትሮን ከእምብርቱ ትርቃለች፣ መያዣዋም ይላላል። የምድጃችን አመድ ሲበጠበጥ ጣትን የሚያሙለጨልጨው በፖታሲየም ምክንያት ነው፤ እዚያ ግን ፖታሲየሙ ኤሌክትሮኑን አስረክቦ ረግቷል።

ክሎሪን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ17 ኤሌክትሮኖቹ ሰባቱ ውጭ ናቸው፤ ስምንት ለመሙላት አንድ ይጎድለዋል። ያቺን አንዲት ኤሌክትሮን ከየትም ይነጥቃል፤ ከብረት፣ ከጨርቅ ቀለም፣ ከባክቴሪያ ቆዳ፣ ከሰው ሳንባ። አረንጓዴ የሚመስል ቢጫ ጋዝ ሲሆን ሽታው ያንቃል። እንግዲህ ሊሰጥ የሚቸኩለው ሶዲየምና ሊቀማ የሚቸኩለው ክሎሪን ሲገናኙ በታላቅ ብርሃንና ሙቀት ይዋሃዳሉ፤ እሳቱ ሲበርድ ሳህኑ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ቀምሰን የምናውቀው ነው። የወጥ ጨው። አንዱ የሚፈነዳ ብረት፣ ሌላው የሚገድል ጋዝ፤ ሁለቱ ተገናኝተው ያለ እነሱ ምግብ የማይጥም፣ ሰውነትም የማይቆም ነገር ሆኑ። ስለ ኬሚስትሪ ከማውቀው ሁሉ ከዚህ የበለጠ ያስደነቀኝ የለም።

ሠንጠረዡ ራሱ የተወለደው ከእነዚህ ሁለት ዓምዶች መገናኛ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዲሚትሪ ሜንዴሌዬቭ በ1834 እ.ኤ.አ. በሳይቤሪያዋ ቶቦልስክ ተወለደ። አባቱ ልጁ በተወለደበት ዓመት ዓይነ ሥውር ሆኑ። እናቱ ማሪያ የመስታወት ፋብሪካ እየመሩ ቤተሰቡን አሳደጉ፤ ባላቸው ከሞቱና ፋብሪካው ከተቃጠለ በኋላ የመጨረሻ ልጃቸውን ይዘው ለትምህርት ወደ ሞስኮ ተጓዙ። እዚያ አልተቀበሉትም። ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ይዘውት ሄዱ፤ በ1850 ካስገቡት በኋላ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ልጁ እኚህን እናት ዕድሜ ልኩን አልረሳቸውም።

በ1869 ሜንዴሌዬቭ የሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ለተማሪዎቹ የኬሚስትሪ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል በጨው ወላጆቹ በእነ ክሎሪን ዘጋ፤ ሁለተኛውን በእነ ሶዲየም ሊጀምር ነው። ከዚያስ ማን ይከተላል? በዚያ ዘመን 63 ንጥረ ነገሮች ይታወቁ ነበር፤ ሁሉንም በአንድ ሥርዓት የሚያያይዝ ነገር ግን አልነበረውም። ያን ጊዜ ፕሮቶን ማንም አያውቅም፤ የሚታወቀው ክብደት ነበር። የሁለቱን ቤተሰቦች ክብደት ጎን ለጎን አስቀመጠ። ክሎሪን 35.5፣ ፖታሲየም 39። ብሮሚን 80፣ ሩቢዲየም 85። አዮዲን 127፣ ሲዚየም 133። በክብደት ቅደም ተከተል ሲሰለፉ፣ ከእያንዳንዱ ጨው ወላጅ ቀጥሎ እንደ ሶዲየም ያለ ውሃ የሚያቃጥል ብረት ይመጣል። ከ«ሞ» በኋላ «ሠ»፣ ከ«ሦ» በኋላ «ረ» እንደሚመጣው። ዜማው ተሰማው።

ያ ቀን በሩሲያ የያኔ አቆጣጠር የካቲት 17፣ በግሪጎርያን ደግሞ ማርች 1 ነበር። ሜንዴሌዬቭ የቺዝ ማምረቻዎችን ለመጎብኘት ሊጓዝ የተነሣበት ዕለት ነው፤ የመጀመሪያ ጭረቶቹን ያሰፈረውም ስለዚሁ ጉብኝት በደረሰው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ስናሰላው የካቲት 23 ቀን 1861 ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ ዓመት አልሞላም፤ ዓድዋ በዚያው ዕለት ሊውል ገና 27 ዓመት ይቀራል።

ዜማውን ቀድመው የሰሙ ሌሎችም ነበሩ። ጀርመናዊው ዮሐን ዶበራይነር ሊቲየም 7፣ ሶዲየም 23፣ ፖታሲየም 39 ብሎ የመካከለኛው ክብደት የሁለቱ ጫፎች አማካይ መሆኑን አስተውሏል። እንግሊዛዊው ጆን ኒውላንድስ በ1860ዎቹ አጋማሽ ንጥረ ነገሮችን እንደ ሙዚቃ ድምፆች በስምንት በስምንት አሰለፈና ለለንደን ኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ በፊደል ቅደም ተከተል ሞክረሃቸው ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ጥያቄው ጨካኝ ነበር፤ ነገር ግን የኒውላንድስ አሰላለፍ እውነተኛ ስሕተት ነበረበት። ረድፎቹ ሁሉ እኩል ናቸው ብሎ ስላመነና ለማይታወቁት ባዶ ቦታ ስላልተወ፣ ታች ሲደርስ የማይዛመዱት እየተጎራበቱ ሥርዓቱ ፈረሰበት።

ሜንዴሌዬቭን የለየው ባዶ ቦታ ለመተው መድፈሩ ነው። ጠባዩ ከዓምዱ ጋር የማይሄድ ንጥረ ነገር ሲገጥመው ወደ ቀጣዩ ቦታ ይገፋውና የተዘለለውን ሳጥን ክፍት ያደርገዋል። በ1871 ከዚያም አለፈ፤ የሦስቱን ክፍት ሳጥኖች ባለቤቶች ክብደት፣ ጥግግት፣ ከኦክስጅን ጋር የሚሠሩትን ውሁድ ሳይቀር ጻፈ። በአሉሚኒየም ሥር ያለውን «ኤካ አሉሚኒየም» አለው፤ ኤካ በሳንስክሪት አንድ ማለት ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ከዚንክ ማዕድን ውስጥ አዲስ ብረት አገኘና ጋሊየም አለው። ጥግግቱን ሲለካ የውሃን 4.7 እጥፍ ሆነ። ሜንዴሌዬቭ ከሩሲያ ጻፈለት፤ ብረቱ በደንብ አልጠራም፣ 6 አካባቢ መሆን አለበት አለው። ሌኮክ እንደገና አጥርቶ ለካ። 5.9 ሆነ። ብረቱን በእጁ የያዘውን ሰው፣ ብረቱን ዓይቶት የማያውቅ ሰው አረመው። ጋሊየም ዛሬ በኤልኢዲ አምፖሎች ውስጥ የሚሠራ ነው፤ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ መዳፍ ላይ ይፈስሳል። ቀጥሎ በ1879 ስካንዲየም፣ በ1886 ጀርማኒየም ተገኙ፤ የተፋቁት ፊደላት አንድ በአንድ ተነበቡ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ምክንያቱ ስቶት ውሳኔው ትክክል ሆነለት። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል፤ በክብደት ቢሰለፉ አዮዲን ቀድሞ ከጨው ወላጆቹ ዓምድ ይወጣል። የአዮዲን ጠባይ የክሎሪን ወንድምነቱን ስለሚመሰክር ሜንዴሌዬቭ ክብደቱን ችላ ብሎ በዝምድናው አስቀመጠው፤ የቴሉሪየም ክብደት ተሳስቶ ተለክቷል አለ። አልተሳሳተም ነበር። እውነተኛው መልስ የመጣው ከ1913 ጀምሮ ነው፤ ወጣቱ እንግሊዛዊ ሄንሪ ሞዝሊ ንጥረ ነገሮች የሚለቁትን ኤክስሬይ ሲለካ ከሳጥን ወደ ሳጥን በእኩል ደረጃ የሚጨምር ነገር አገኘ። ያም የእምብርቱ ፕሮቶኖች ብዛት ነበር። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ቴሉሪየም የከበደው በእምብርቱ ውስጥ ኒውትሮን የሚባሉ፣ ክብደት እንጂ ማንነት የማይሰጡ ቅንጣቶች ስለበዙበት ነው። ሞዝሊ 43፣ 61 እና 75 ቁጥሮች ገና ባለቤት እንዳልተገኘላቸውም አሳየ። በነሐሴ 1915 በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ተገደለ። 27 ዓመቱ ነበር።

ስለ ገበታው ቅርጽ ጥቂት ልበል። ረድፎቹ ሰባት ናቸው፤ ከፊደላችን ሰባት ድምፆች ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው። የረድፎቹ ርዝመት 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ እርከኖቹ እየሰፉ ብዙ ስለሚይዙ። ኮርቻው የጎደጎደውም ለዚህ ነው፤ የላይኞቹ ረድፎች መሐላቸውን የሚሞላ የላቸውም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ወረቀት ስለማይበቃቸው 14፣ 14 ሳጥን ተቆርጦ ከግርጌ ይቀመጣል፤ ሰባቱ ቤት ያልበቃቸው እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ከገበታው ግርጌ እንደሚሰፈሩት። ሃይድሮጅንም የእኛን ሀ ይመስለኛል። ሀ በግዕዝ ቤት ተቀምጦ እንደ ራብዕ ይነበባል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ በእነ ሶዲየም ዓምድ ራስ ላይ ተቀምጦ ብረት ሳይሆን ጋዝ ነው። በስተቀኝ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ያሉት እነ ሂሊየም፣ ኒዮንና አርጎን ውጫዊ እርከናቸው ስለሞላ ለማንም አይሰጡም፣ ከማንም አይቀሙም። ከምንተነፍሰው አየር አንድ በመቶ ያህሉ አርጎን ሆኖ ሳለ እስከ 1894 ድረስ ማንም ሳያውቀው የኖረው በዚህ ዝምታው ነው።

አሁን ወደ ዓምዳችን እንመለስ፤ ይህ ዓምድ በእኛ ምድር ብዙ ታሪክ አለው።

ክሎሪን ከሶዲየም ጋር ተዋሕዶ በዳናኪል ዝቅተኛ ምድር በሰፊው ተነጥፏል። ድሮ የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ እየተነነ የተወው ነው። የአፋር ሰዎች ጨዉን ከመሬት ገምሰው፣ በመጥረቢያ ጠርበው በግመል ወደ ደጋ ሲልኩ ኖረዋል። አሞሌው ገንዘብ ሆኖ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ዘለቀ። በስድስተኛው መቶ ዘመን የጻፈው ተጓዥ ኮስማስም የአክሱም ነጋዴዎች በሬ፣ ብረትና ጨው ይዘው ወደ ወርቅ አገር እንደሚወርዱ ይተርካል።

ከጨው ውስጥ በኤሌክትሪክ ተለይቶ የሚወጣው ክሎሪን ነጣቂነቱን መልሶ ያገኛል። በልኩ ሲሆን ሕይወት ያተርፋል፤ በቧንቧ ውሃችን ውስጥ የኮሌራንና የታይፎይድን ተሕዋስያን የሚገድለው እሱ ነው። በረኪና ጠርሙስ ውስጥ ያለውም እሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበል፤ በረኪናን ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር የሚቀላቅል ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ የክሎሪን ጋዝ እያመረተ ነውና ፈጽሞ አይደረግ። ያንኑ ጋዝ ነው ጀርመኖች በሚያዝያ 1915 ኢፕር በምትባል የቤልጅግ ከተማ አጠገብ በጠላት ምሽግ ላይ የለቀቁት። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው የተጣለው፣ በከተማዋ ስም ኢፕሪት የተባለው መርዝ በእያንዳንዱ ሞለኪዩሉ ሁለት የክሎሪን አቶም አለው። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜን ግንባር በወታደሩ፣ በገበሬው፣ በከብቱና በወንዙ ላይ ያዘነቡት እርሱን ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በ1936 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያሰሙት ክስ ይህንኑ ነበር።

ከክሎሪን በላይ፣ ከዓምዱ ራስ ላይ ፍሎሪን ተቀምጧል። ከቤተሰቡ ትንሹ ነው፤ ውጫዊ እርከኑ ለእምብርቱ እጅግ ቅርብ ስለሆነ ኤሌክትሮን በመንጠቅ ከንጥረ ነገሮች ሁሉ የሚስተካከለው የለም። በስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ፍሎራይድ ሆኖ ይገኛል፤ ከመሬት ሥር ያለው ሞቃት ውሃ እያሟሟ ወደ ጉድጓዶቹ ያመጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በወንጂ፣ በመተሐራና በሐይቆቹ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ፍሎራይድ ካልሲየምን ይወዳል፤ ካልሲየም ደግሞ ጥርስና አጥንት ነው። ጥርሱ እየተሠራ ያለ ሕፃን ያንን ውሃ ሲጠጣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ደግሞ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ወገቡም አልቃና ይላል። ልጆቹ ጥርሳቸውን ስላልፋቁ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ የሚሰነዝረው አስተያየት ያማል። መፍትሔ ፍለጋውም በዚያው ዝምድና ላይ ቆሟል፤ የከብት አጥንት በእሳት ከስሎና ተፈጭቶ ማጣሪያ ሲሆን፣ ፍሎራይዱ በሰው አጥንት ፋንታ በእሱ ላይ ይጣበቃል።

ከክሎሪን በታች ብሮሚን አለ፤ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆነው ከሚገኙት ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፣ ሌላው ሜርኩሪ። ዓምዱን ስንወርድ ጋዝ፣ ጋዝ፣ ፈሳሽ፣ ጠጣር እያለ ይሄዳል። ጠጣሩ አዮዲን ነው።

አዮዲንን በ1811 ፓሪስ ውስጥ ያገኘው ለባሩድ የሚሆን ጨው የሚያመርተው ቤርናር ኩርቷ ነበር፤ የባሕር አረም አመድ ላይ አሲድ ሲበዛበት ሐምራዊ ጭስ ተነሣ። አዮዲን የባሕር ሀብት ነው። ከደጋ አፈር ዝናብ ለዘመናት አጥቦ ወስዶታል፤ እንደ እኛ ባለ ተራራማ አገር የሚበቅል እህል በቂ አዮዲን የለውም። ለአዋቂ ሰው የሚያስፈልገው በቀን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህች ቅንጣት ስትጎድል አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያለውን ለቃቅሞ ለመያዝ ሲል ያብጣል። እንቅርት የምንለው ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረታችን የበሽታው ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ የአንገቱ እብጠት ግን የሚታየው ጉዳት ብቻ ነው። በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን በጣም ያነሳት እናት የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሳይዳብር ሊቀር ይችላል፤ ያ ደግሞ በኋላ አይመለስም።

መድኃኒቱ የተላከው በዚያው ዓምድ ዘመድ በኩል ነው። ሁሉም ሰው በየቀኑ ክሎሪንን በጨው መልክ ስለሚበላ ወንድሙን አዮዲንን በጨው ላይ ማስፈር ተቻለ፤ ዛሬ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣው ጨው ላይ የሚረጨው ፖታሲየም አዮዴት ነው። ፖታሲየሙ ከአንደኛው ዓምድ፣ አዮዲኑ ከአሥራ ሰባተኛው፤ ሜንዴሌዬቭ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሁለት ቤተሰቦች እዚህም አብረው ናቸው። ነገር ግን ከቤተሰቡ አዮዲን መያዣው የላላ ነው። ጨዉ ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ እርጥበት ከነካው፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ከከረመ አዮዲኑ ይተንናል። እናቶች ክዳን ባለው ዕቃ ቢያስቀምጡትና ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨምሩት የሚባለው ለዚህ ነው።

ከአዮዲን ወደ ታች ከመውረዳችን በፊት ለአፍታ ወደ ዓምዱ ራስ እንመለስ። ፍሎሪንን ከውሁዱ ለመለየት የሞከሩ ብዙዎች ታመዋል፣ የሞቱም አሉ። በ1886 የተሳካለት ፈረንሳዊው አንሪ ሟሳን ነው። በ1906 የኖቤል ኮሚቴ የኬሚስትሪውን ሽልማት ለሜንዴሌዬቭ እንዲሰጥ ሐሳብ ቢያቀርብም የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ ለሟሳን ሰጠው። የዓምዱን ራስ ያገኘው ሰው ዓምዱን የተከለውን ቀደመው። እኔ ውሳኔውን ትክክል ነው ብዬ አላምንም። በየካቲት 1907 ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ አረፉ፤ ለሜንዴሌዬቭ ሁለተኛ ዕድል አልመጣም። በ1955 የተሠራው 101ኛው ንጥረ ነገር ግን ሜንዴሌቪየም ተብሎ በራሱ ገበታ ላይ ተቀምጧል።

ከአዮዲን በታች አስታቲን አለ። እምብርቱ አይጸናም፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ዓይነቱ እንኳ በስምንት ሰዓት ግማሹ ወደ ሌላ ይለወጣል። በዓይን የሚታይ ያህል ሰብስቦ ያየው ሰው የለም።

ከእሱም በታች 117 ቁጥር አለ። በ2010 ሩሲያ ውስጥ በዱብና የተሠራ ነው። አሜሪካ ኦክ ሪጅ ውስጥ 22 ሚሊግራም በርክሊየም ተዘጋጅቶ ወደ ሩሲያ ተላከ፤ በርክሊየም 97 ፕሮቶን አለው። በእሱ ላይ 20 ፕሮቶን ያላቸው የካልሲየም እምብርቶች ለወራት ተወረወሩ። ስድስት አቶሞች ተገኙ። በ2016 ከአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት ስም ቴነሲን ተባለ፤ መጨረሻው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከክሎሪንና ከአዮዲን ጋር እንዲገጥም ተደርጎ። ቦታው ጨው ወላጅ ያሰኘዋል። በሌላ በኩል እምብርቱ እጅግ ከባድ በመሆኑ ኤሌክትሮኖቹ የሚሽከረከሩበት ፍጥነት ከዘመዶቹ የተለየ ጠባይ ሊሰጠው እንደሚችል ስሌቶች ያሳያሉ። በሙከራ መፈተን ነበረበት፤ አቶሙ ግን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይቆይም። ከሶዲየም ጋር አገናኝቶ ጨው ይወልድ እንደሆነ ያየ እስካሁን የለም።